አልትራሳውንድ ጨረር የለውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ራዲዮሎጂ የሲሙሌሽን (በሰው ፈንታ በአምሳያ የመለማመድ) ሥልጠና ያወጣችሁትን ዘገባ ደስ እያለኝ ማንበብ ጀምሬ አራተኛው አንቀጽ ላይ ሻዬ ቀዘቀዘ። ተማሪዎች በአሻንጉሊት መለማመዳቸው «ታካሚዎችን ከአልትራሳውንድ ጨረር ያድናል» ትላላችሁ። የምን ጨረር?

አልትራሳውንድ ድምፅ ነው። ጆሯችን ከ20,000 ኸርዝ በላይ አይሰማም፤ እኛ የምንሠራበት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ጨረር ያለው ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ባገኘው ራጅና በሲቲ ስካን ነው። እዚያ ሲሙሌሽን በእርግጥ ሰው ያተርፋል፤ ተማሪው እጁ እስኪፈታ አንዱን ታካሚ አሥር ጊዜ ራጅ ያንሳው አይባልማ። አልትራሳውንድ ላይ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ወደ ሰውነት የሚገባውን መርፌ ጫፍ ስክሪን ላይ እያዩ እጅን ማስለመድ። «አሻንጉሊት» ያላችሁትም ፋንተም ይባላል።

ለአንድ ቃል ይህን ያህል? ትሉ ይሆናል። ዘገባው በወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ ባል የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሚስቱን በር ላይ አቁሞ ስልኩን ዘረጋልኝ። «አቦ፣ ጨረር ነው ይላል'ኮ!» (ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ እኔም አልጠበቅሁ።) ወረፋው እየተንጫጫ ሃያ ደቂቃ አስረዳሁት። «እና ጋዜጣው ዋሸ ነው የምትለኝ?» ብሎ ይዟት ሄደ። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ሥልጠናው «በክልሎች ገና አልተጀመረም» የምትለዋስ? ማንን ጠየቃችሁ? በነገራችን ላይ ድሬዳዋ ክልል አይደለችም፤ የከተማ አስተዳደር ናት። እዚህ ሳቢያን ሰፈር ለተማሪዎቼ ፋንተም ልሠራ ማታ ማታ ጀላቲን የማፈላው እኔ ነኝ፣ በራሴ ደሞዝ። ስክሪኑ ላይ እንደ ሥጋ ደብዘዝ እንዲል ትንሽ ዱቄት ጣል አደርግበታለሁ፤ መሐሉ ወይን ፍሬ እቀብራለሁ። ሲታይ ጥቁር ክብ፣ ፈሳሽ የቋጠረ እባጭ ቁርጥ። ጠዋት ከፍሪጅ አውጥቼ ባጃጅ ላይ ጭኜ እበራለሁ፤ ተማሪዎቼ ወይኑን በመርፌ አነጣጥረው ይወጋሉ። ግንቦት ላይ ታዲያ ትምህርቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ታካሚያችን ይቀልጣል። የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ቀዝቀዝ ባለችው ሐረር ባስተምር ኖሮ እስከ ምሳ በቆየልኝ። የዘገባችሁ ባለ ሚሊዮን ብር መሣሪያ ፎቶ ላይ ያምራል፣ አልቀናሁም አልልም። የኛ ሳህን ግን ለካሜራ አይመችም መሰለኝ።

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልኝ። ቆርጬ የክፍላችን በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ያ ሰውዬ ከተመለሰ ማስረዳቱን ለናንተ እተዋለሁ።

አንድ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት
ከድሬዳዋ