እጄን አልይዝም ላሉኝ ጋሼ

ሰላም የጅማ ሰው። ይህን ምስጋና የምጽፈው በስልኬ ነው። ስነካው ፊደሉን ይነግረኛል፣ እሺ ካልኩት ይጽፋል። ግድፈት ካያችሁ እለፉት።

ዓይኔ ምን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቀዋል። ግላኮማ ነው። የኔ ዓይነቱ አያምም፣ አይቀላም፣ ዕይታን ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል። ጠብታ ታዞልኝ ነበር። "ምን ሆንኩና" ብዬ ተውኩት። የሄደው አይመለስም ተባልኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ እዚህ ላይ ይብቃው።

ወጉ ከቤተሰብ መጀመር ነው። ባለቤቴ አይቀየመኝም፣ ጋሼን ላስቀድም።

ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል። እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ አያዩም። ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። መጀመሪያ ቤቴ የመጡ ቀን እኔ ከወንበር ሳልነሳ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። የሚገባው ሰው ሁሉ አልቅሶ ነበር የሚወጣው። እሳቸው ገና ከመቀመጣቸው "እዚህ ቤት ቡና የለም እንዴ?" አሉ። ልጄ ብድግ ስትል "አንቺ ቁጭ በይ፣ እናትሽን ነው ያልኩት" አሏት።

በጣም ነው የተናደድኩት። የጅማ ልጅ ሆኜ፣ ቡና ስቆላ ያደግኩ ሰው፣ ምጣዱን ፈራሁት። "ዓይንሽ ነው እንዴ የሚቆላው?" አሉኝ። "ሲንጣጣ ትሰሚያለሽ። ሽታው ሲለወጥ ታውጫለሽ።" አወጣሁት። ትንሽ አሯል። ስቀዳ ደግሞ "ስኒው ሲሞላ ድምፁ ይቀጥናል፣ አዳምጪ" አሉ። እውነትም ይቀጥናል! አርባ ስድስት ዓመት ቡና ስቀዳ ሰምቼው አላውቅም። ሦስቱንም ጠጥተው፣ እስከ በረካው፣ "አሯል" ብለው ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ነው ያለቀስኩት። ሌላ ዓይነት ለቅሶ ነበር።

በሳምንቱ ነጩን ዘንግ ይዘው መጡ። በእንግሊዝኛ ኬን ይሉታል። ደረቴ ላይ ለኩት። ቀኝ እግር ሲራመድ ጫፉ ግራ ይነካል፣ ግራ ሲራመድ ቀኝ። ስፋቱ ከትከሻ ትንሽ ብቻ ያልፋል። ሲነገር ቀላል ነው። ግቢያችን ውስጥ ስንት ቀን እንደ ሰከረ ሰው ስንገዳገድ ከረምኩ። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ወጣን። "ጋሼ፣ እጄን ይያዙኝ" አልኳቸው። "አልይዝም" አሉ። "የያዙሽ ሰዎች አይደሉም እንዴ ወንበር ላይ ያስቀመጡሽ?"

አንዱ ከኋላችን "ዕውር ዕውርን ቢመራ..." ብሎ ጀመረ። ጋሼ ዞር ብለው "ጨርሰው እንጂ!" አሉት። ድምፁ ጠፋ።

ሄርማታ ጋ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ክፍት ቦዮቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። ጋሼ ቆመው ጠበቁ። "ተጎዳሽ?" አሉኝ። "አልተጎዳሁም።" "ውሃ አለው?" "አለው።" "እንግዲያው ታጥበሻል፣ ውጪ።" የሚያልፉት ሰዎች ጨካኝ ሽማግሌ ነው ብለው ተቆጧቸው። እኔ ግን ቦዩ ውስጥ ቆሜ እየሳቅኩ ነበር። ዛሬ ያንን ቦይ ከሄርማታ ሰው ሁሉ የበለጠ አውቀዋለሁ።

ዝናብ ብቻ ነው እስካሁን የሚያሸንፈኝ። የኛ ከተማ ዝናብ መቼም አይነገርም። ቆርቆሮው መጮህ ከጀመረ የባጃጅም፣ የሰውም፣ የዘንጉም ድምፅ አይለይም። ያኔ የአንድ ሰው በረንዳ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያስጠለላችሁኝ ሁሉ፣ ሻይም የሰጣችሁኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወደ ሱቄ የመለሱኝም እሳቸው ናቸው። ሃምሳ ብር ሳይታጠፍ ይቀመጣል፣ መቶው አንዴ ይታጠፋል፣ ሁለት መቶው ሁለቴ። አሥሩ ብቻውን በሽርጥ ኪስ። የማጥፈው ግን ሰው የነገረኝን ነው። ስለዚህ ደንበኞቼ፣ ዋናው ምስጋና የናንተ ነው። አንድ ቀን አንድ ልጅ ሃምሳውን "ሁለት መቶ ነው" ብሎኝ መልስ ቆጥሬ ሰጠሁት። ማታ እናቱ ጆሮውን ይዛ ሱቅ ድረስ አመጣችው። ገንዘቡን ቆጥራ መለሰች፣ አልቅሶ ይቅርታ ጠየቀኝ። አሁን በርበሬና ሚጥሚጣ ላይ በጣት የሚነበበውን የብሬል ምልክት የሚለጥፍልኝ እሱ ነው። ስድስቷን ነጥብ ከኔ ቀድሞ ለመዳት። ጣቴ አርጅቷል መሰለኝ።

ስልኬን ያስተካከሉልኝ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ራሳቸውም አያዩም። ስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያነበውን፣ ቶክባክ የሚባለውን ከፍተው አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ጫኑልኝ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ይመስላል፤ ባለቤቴ "ሁለተኛ ሚስት መጣችብኝ" ይላል። ልጆቼ፣ ፈተናችሁን በሰላም ጨርሱ።

እህቴ... እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜ ነበር። የጅማ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ሐኪሞች ግላኮማ በዘር እንደሚሄድ ሲነግሩን እህትና ወንድሞቼን ይዤ ሄድኩ። ታናሽ እህቴ ላይ ከፍ ያለ የዓይን ግፊት ተገኘ። ገና ምንም አልጎደለባትም። በየቀኑ ማታ እደውልላታለሁ፣ "ጠብታውን ጨመርሽ?" እላለሁ። "ጨመርኩ፣ ነዝናዛ" ትለኛለች። ለሐኪሞቹ ሌላ ምን እላለሁ? ዕድሜ ይስጣችሁ።

የእድራችን ሰዎች፣ ዱዓ ያደረጋችሁልኝ፣ ጸበል ያመጣችሁልኝ፣ የጅማ መርካቶ ባጃጅ ነጂዎች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አንድ ያላመሰገንኩት ባንክ አለ። በገዛ ገንዘቤ "ምስክር ይዘሽ ነይ" ብሎ ሦስት ቀን ያመላለሰኝ። ስሙን አልጠራም። እዚያው ወረፋ ላይ "እኔ እመሰክርላታለሁ" ብለሽ የቆምሽው እህት ግን፣ ድምፅሽን አልረሳሁትም። ሱቁ ብቅ በይ፣ ቡና አለ።

ባለቤቴ ሆይ፣ ላንተ እቤት እነግርሃለሁ።

ስማችሁን ያልጠራኋችሁ ብዙ ናችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችሁን በድምፅ እንጂ በስም አላውቃችሁም። መንገድ ላይ ክንዴን ጎትታችሁ ያሻገራችሁኝም እንዳትቀየሙ፣ ለደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ ሰላም በሉኝ፣ ክርናችሁን እኔ ልያዝ።

ሱቁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ስትገቡ ስማችሁን፣ ስትከፍሉ ብሩን ተናገሩ።