ዘፈኑ ፊልሙ ላይ አለ፣ አልበሙ ላይ ግን የለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በባህል ዓምዳችሁ የወጣው የኮሜዲ ፊልም ማጀቢያ አልበም ግምገማ፣ ተመልካች በጣም የሳቀበት ዘፈን ከአልበሙ መቅረቱን የአዘጋጆቹ ቸልተኝነት አድርጎታል። የብዙ ድምፃውያን ሥራ በሚሰባሰብበት አልበም ግን ዘፈን የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በፈቃድ ምክንያት ነው።

አንድ ዘፈን ሁለት መብት አለው፤ የግጥምና ዜማው፣ እንዲሁም የቀረጻው። ለፊልሙ ሁለቱም ወገኖች መፍቀድ አለባቸው። 12 ዘፈን ካለ ቢያንስ 24 ፈቃድ ነው፤ ዜማውን ሦስት ሰው ከደረሰው ሦስቱም ይጠየቃሉ። ይህ ሁሉ ተለፍቶ የተገኘው ፈቃድ ዘፈኑን ከምስል ጋር ለማጣመር ብቻ ነው፤ በአልበም ለመሸጥ ሌላ ውል ይፈለጋል። የቀረጻው ባለቤት ዘፈኑን በራሱ ስብስብ ሊያወጣው ካሰበ፣ ለፊልሙ እሺ ብሎ ለአልበሙ እምቢ ይላል። «ለሌላው የከፈላችሁትን ያህል ለእኔም» የሚል አንቀጽ በየውሉ ከገባ ደግሞ ለአንዱ የተጨመረው ለሁሉም ይጨመራል፤ ያኔ አንዱን ውድ ዘፈን መተው 11ዱን ማዳን ነው። ስለዚህ የአልበሙ ፈቃድ ከፊልሙ ጋር በአንድ ደብዳቤ፣ ኤዲቲንጉ ሳያልቅ መጠየቅ አለበት። ትዕይንቱ በዘፈኑ ምት ልክ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ዋጋ ቆራጩ ባለመብቱ ነው።

ገምጋሚው ከየዘፈኑ በፊት የገቡትን የፊልሙን ንግግሮች አመስግኗል። እኔ የአልበሙ ትልቁ ስህተት እሱ ነው እላለሁ። ቀልድ በሦስተኛው ይደርቃል፤ ዘፈን ግን መቶ ጊዜ ይደመጣል። ንግግሩ ከዘፈኑ ጋር በአንድ ፋይል ከተለጠፈ አድማጭ መዝለል አይችልም፣ ራዲዮም ዘፈኑን ለማጫወት ይቸገራል። ሲዲ ላይ ንግግሩን በሁለት ትራኮች መሀል ባለው ክፍተት ማስቀመጥ ይቻላል፦ አልበሙ ሳይቋረጥ ሲጫወት ይሰማል፣ በቀጥታ ወደ ዘፈኑ ሲኬድ አይሰማም። በኢንተርኔት ማጫወቻዎች ይህ ስለማይሠራ ንግግሩ ለብቻው አጭር ትራክ ይሁን። (የተዋናዩም ፈቃድ አይዘንጋ።)

የድምፁ ከፍታ ወጣ ገባ ነው የተባለው ግን ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» የተሰኘው ኮሜዲ ፊልም ማጀቢያ አልበም፣ በ1928 የተቀረጸ የሃሪ ማክሊንቶክን ዘፈን ለፊልሙ ከተቀረጹት አዳዲሶች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጧል። እንዲህ ባለው ስብስብ የሚበዛው ስህተት አሮጌውን ከአዲሱ እኩል ለማድረግ በሊሚተር (የድምፅን ጫፍ እየገደበ ሌላውን በሚያጎላ መሣሪያ) መጨፍለቅ ነው፤ የሸክላው የመንኮሻኮሽ ድምፅም አብሮ ይጎላል። ዝቅ ማለት ያለበት አዲሱ ነው። ማመዛዘኛውም ከበሮው ሳይሆን የዘፋኙ ድምፅ ይሁን። ስፖቲፋይ ሁሉንም ወደ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ገደማ ስለሚያስተካክል ከዚያ በላይ መጮህ ትርፍ የለውም፤ ጣሪያውም (የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ) -1 ዴሲቤል ላይ ቢቆም ፋይሉ ሲታመቅ ድምፁ አይሰነጠቅም።

በሸክላ ለማሳተም የሚያስቡ በአንድ ገጽ ከ22 ደቂቃ ብዙ ባይርቁ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ድምፁ ሊቀነስ፣ ቤዙም ሊሳሳ ግድ ነው። ኮሜዲ በጭፈራ ማለቅ ስለሚወድ ጯሂው ዘፈን መጨረሻ ላይ ይደረጋል። መርፌው ወደ መሀል ሲጠጋ ግን «ሰ» እና «ሸ» የሚበላሹት እዚያው ነው። የገጹ ማብቂያ ለዝግተኛ ዘፈን ይተው፤ የፊልሙን ቅደም ተከተል መከተል ግዴታ አይደለም።

አልበሙ ላይ ያለው ዘፈን በቴሌቪዥን ከተሰማው ይልቅ ይጎተታል ስለተባለውም፦ በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ ፊልም በ25 ፍሬም ሥርዓት ሲሰራጭ 4 በመቶ ይፈጥናል፤ ድምፁ ካልታረመ ቅኝቱም ከግማሽ ድምፅ ትንሽ ባነሰ መጠን ከፍ ይላል። ትክክለኛው ፍጥነት የአልበሙ ነው።

ከአክብሮት ጋር