ስለ ቅዳሜው ጸሐፊያችን

ሰላም ናችሁ ውድ የንባብ ክበባችን አባላት፣

“አምብሮዝ ቢርስ ደግሞ ማን ነው?” ላላችሁ ይኸው። አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ ወዲያው ለሰሜኑ ጦር ዘመተ። ሻይሎ በተባለው የጦር ሜዳ ተዋጋ። ኋላ ካርታ አንሺ ሆነ። መንገዱን፣ ድልድዩን፣ የወንዝ መሻገሪያውን እየዞረ አይቶ ለአዛዡ ይነድፍ ነበር። ታሪኮቹ ውስጥ ቦታው ቁልጭ ብሎ የሚታየን ለዚህ ይመስለኛል። በ1864 ኬነሶ ተራራ ላይ ጭንቅላቱን በጥይት ተመታ፤ ግን ተረፈ።

ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ገብቶ ጋዜጠኛ ሆነ። ብዕሩ ማንንም አይምርም! የባቡር ከበርቴው ኮሊስ ሀንቲንግተን ለመንግሥት ያለበት ዕዳ እንዲቀልለት ኮንግረሱን ሲወተውት፣ ቢርስ በ1896 ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ በጽሑፍ አብጠለጠለው። ረቂቅ ሕጉም ሳያልፍ ቀረ።

በ1913፣ በ71 ዓመቱ፣ አብዮት ወደሚንጣት ሜክሲኮ አቀና። በዚያው ደብዛው ጠፋ። ስለ አሟሟቱ የሚወራው ሁሉ ግምት ነው፤ ብዙ አትጨነቁበት።

የምናነበው ድልድይ ላይ ሊሰቀል ስላለ ሰው የጻፈውን አጭር ልብወለድ ነው። ቀድማችሁ የጨረሳችሁ፣ አደራ፣ መጨረሻውን ለሌላው እንዳትነግሩ።