ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት አምናችሁ ኢንቨርተር አትግዙ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ፣ የምሠራው ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ነው፣ ሶላር ሲገጠምም ሲበላሽም እኛ ጋ ነው የሚደወለው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኢንቨርተር ነው፣ የባትሪንና የሶላርን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት መብራት ስለሚቀይረው ዕቃ ማለት ነው፣ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል ምክንያቱም ሰው ብሩን እያፈሰሰ የማይሆን ዕቃ ቤቱ እያስገባ ነው። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ከእንግዲህ ሶላር ምን ያደርጋል ያሉኝ ነበሩ፣ ግን መብራት የሚጠፋው ሁሌ ከማመንጫው አይደለም፣ የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠልም ምሰሶ ሲወድቅም ይጠፋል፣ ስለዚህ ሰው አሁንም ይገዛል፣ ይግዛ፣ እኔም ደግ አደረገ ባይ ነኝ፣ አገዛዙ ላይ ነው ችግሩ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሰው ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስንት ዋት ነው ይላል፣ ሻጩ ካርቶኑን ያሳየዋል፣ በትልቁ 3000 ዋት ተብሎ ተጽፏል፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ አለቀ። ያ ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ፒኩ ነው፣ ዕቃው ለአንድ አፍታ ብቻ የሚችለው ማለት ነው። ሳያቋርጥ የሚሰጠው፣ ኮንቲኒየስ የሚባለው፣ የዚያ ግማሽ ነው፣ ርካሾቹ ላይ ከግማሽም ያንሳል። ኩንታል ብድግ ማድረግ የሚችል ጎረምሳ ያንኑ ኩንታል ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል ማለት አይደለም አይደል። አንዳንዱ ደግሞ ዋት ሳይሆን ቪኤ (ቮልት አምፒር) ነው የሚጽፈው፣ 1000 ቪኤ ሲል ብዙዎቹ ላይ 800 ዋት ነው የምታገኙት።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ጠራኝ፣ "3000 ዋት" ተብሎ የተሸጠለት ነው፣ ቲቪው ይሠራል አምፖሉም ይበራል፣ ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ግን ኢንቨርተሩ ቲጥ ቲጥ ቲጥ ብሎ ጸጥ። ገልብጬ ከሥሩ የተለጠፈችውን ስቲከር በስልኬ መብራት አነበብኩለት፣ በደቃቁ ኮንቲኒየስ 1000 ዋት ትላለች፣ ከሷ ሥር ደግሞ ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ። ሰውየው ስቲከሯን አይቷት አያውቅም፣ ያሳየውም የለም። ሞዲፋይድ ማለት የሚያወጣው ኃይል እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ የተቆራረጠ ነው፣ ለአምፖልና ለቻርጀር ብዙም አይከፋም፣ ሞተር ያለበት ነገር ላይ ግን ጣጣ ነው፣ ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ኮምፕረሰሩ ያለ ወትሮው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ልብስ ማጠቢያ ያለው ሰው ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ ሞገዱ እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ የሆነውን ነው መግዛት ያለበት፣ በዋጋ ይበልጣል፣ የተቃጠለ ኮምፕረሰር ከማስቀየር ግን ይሻላል። በነገራችን ላይ ዕቃውን አንሱት። ውስጡ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው ኢንቨርተር ይከብዳል፣ ሞተር ሲነሳ የሚመጣውን ጫና ለሰከንዶች ይሸከማል። ቀላል ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ጥሩ ቀላልም አለ፣ ግን ፒኩን የሚችለው ለቅጽበት ነው።

ታዲያ ስንት ይበቃናል ካላችሁ ወረቀት አውጡና በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ደምሩ። ባለ 9 ዋት አምፖል 6 ቢበራ 54፣ ቲቪ 60፣ ዋይፋይ 12፣ ሁለት ላፕቶፕ 130፣ አራት ስልክ 40፣ ፍሪጅ 150፣ ድምሩ 446 ዋት። ይኸው ነው እንግዲህ፣ ደህና የሚባል ቤት ማታ ሁሉን አብርቶ 500 አይሞላም። ፍሪጁ ሲነሳ ግን ለአፍታ ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ያ 150 ዋት 1000 ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚህ የሌሎቹን 296 ስትጨምሩበት ወደ 1300 ይጠጋል። ኮንቲኒየሱ 1000 ፒኩ 2000 የሆነ ትክክለኛ ፒዩር ሳይን ዌቭ ይሄን ቤት ዘና ብሎ ይይዘዋል። ፓምፕ ካላችሁ ሒሳቡ ይቀየራል፣ ግማሽ ፈረስ ጉልበት የምትባለዋ እንኳን ስትሠራ 500 ምናምን ዋት ሆና ስትነሳ 2000 ልታልፍ ትችላለች።

እሺ ትልቁን ገዝቼ ልገላገል የሚልም አለ፣ 5000 ዋት ልግዛ ለወደፊትም ይሆነኛል ይላል። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት በርቶ ሲቀመጥ ራሱ ይበላል፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ትልልቆቹ ላይ 50 ዋት አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው፣ በ24 ሰዓት 1200 ዋት ሰዓት ማለት ነው። 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት የሆነ ጄል ባትሪ የሚይዘው 2400 ዋት ሰዓት ነው፣ ቶሎ እንዳይሞት ከግማሽ በታች አይወርድም፣ ስለዚህ የምትጠቀሙበት 1200 ነው። በሌላ አነጋገር ባትሪው ቀንና ሌሊት ኢንቨርተሩን ብቻ ሲቀልብ ያልቃል፣ አምፖል ሳይበራ። ሊቲየም ከሆነ ከ80 እስከ 90 ፐርሰንቱን መጠቀም ይቻላል፣ ቢሆንም ብክነቱ ያው ብክነት ነው። ኢንቨርተር ሲተልቅ ባትሪውም ፓኔሉም አብሮ መተለቅ አለበት፣ አለበለዚያ ትርፉ ወጪ ነው።

ምጣድ ላይ ልምጣ፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አንድ እናት ልገጥምላቸው ሄጄ "ልጄ፣ ምጣዱንስ ይችላል?" አሉኝ፣ "እማማ፣ ምጣዱን ለመብራት ኃይል ይተዉለት" አልኳቸው፣ ቅር አላቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት 5000 ዋት ሰዓት ያልፋል፣ ቅድም ያልኩት ባለ 200 ጄል ባትሪ ከ4 በላይ ይፈልጋል ለሱ ብቻ፣ ክረምት ላይ ደመናው ተጭኖ በምን ፀሐይ ሊሞላ ነው። ካውያና የውሃ ማሞቂያም እንደዚያው። ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ መብራት ሲኖር ነው የሚሠራው፣ አቅሙ ያለው ሰው ባትሪና ፓኔል ደርድሮ ምጣድም ማስነሳት ይችላል፣ ዋጋውን ሲሰማ ግን አብዛኛው ሰው ይተወዋል።

ሌላው የባትሪው ቮልት ነው። 1000 ዋት በ12 ቮልት ስትወስዱ በሽቦው የሚሄደው ከብክነቱ ጋር ከ90 አምፒር በላይ ነው፣ በ24 ቮልት ግማሹ፣ በ48 ሩቡ። ሰዉ ግን ለሶኬት የሚዘረጋውን ባለ 2.5 (ሚሊ ሜትር ካሬ) ቀጭን ሽቦ ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር ይስብበታል፣ ላስቲኩ ቀልጦ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ አግኝቻለሁ፣ ቤቱ ያልተቃጠለው በፈጣሪ ነው። በኔ ልማድ እስከ 1000 ዋት 12 ቮልት፣ ከዚያ በላይ እስከ 3000 ድረስ 24፣ ከሱ ካለፈ 48። ሽቦው ወፍራምና አጭር ይሁን፣ ፊውዙም ባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይግባ፣ ሩቅ ቦታ አይደለም።

እኛ ደጋ ያለን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ነገር አለን። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባም ከ2300 ትበልጣለች፣ የብዙ ኢንቨርተሮች ማኑዋል ደግሞ ከ1000 ወይም ከ2000 ሜትር በላይ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል ይላል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ እንደልቡ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ከደመራችሁት ላይ ሩብ ያህል ትርፍ ያዙ። ቆላ ያላችሁ በሙቀቱ ምክንያት እንደዚያው አድርጉ፣ ቆርቆሮ ሥር አትስቀሉት። ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው፣ ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ፓኔሉ ላይ ከተጻፈው በላይ ይሰጣል፣ ፓኔሉ የኢንቨርተሩ መግቢያ እስከሚችለው የመጨረሻ ቮልት ድረስ ተሰልቶ ከተደረደረ ኢንቨርተሩን ያቃጥለዋል። በተቃራኒው አሁን የበዙት ሃይብሪዶች፣ ፓኔልን፣ ባትሪንና የመስመር መብራትን አንድ ላይ የሚያስተዳድሩት ኢንቨርተሮች ላይ ዝቅተኛ ቮልትም አለ፣ 120 ቮልት ካላገኘ ከፓኔል መሙላት የማይጀምር ሞዴል አለ፣ ሁለት ፓኔል በተከታታይ ስታስሩ 90 አካባቢ ነው የሚመጣው፣ ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሶላሩ አይሠራም እየተባለ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አንድ አደገኛ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ ሁለት ጫፉ ወንድ ሶኬት የሆነ ገመድ ሠርቶ ከኢንቨርተሩ ወደ ግድግዳ ሶኬት እየሰኩ ቤቱን ሙሉ ማብራት። ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ካልተዘጋ ያ ኃይል ወደ ውጭ መስመር ይወጣል፣ ምሰሶ ላይ መብራት የለም ብሎ የሚሠራውን ሰው ሊገድል ይችላል፣ መብራቱ ድንገት ሲመጣም ኢንቨርተራችሁ አለቀለት። ቤቱን ወይ ከመስመሩ ወይ ከኢንቨርተሩ ጋር ብቻ የምታገናኝ ቼንጅ ኦቨር የምትባል ማብሪያ አለች፣ እሷን አስገጥሙ።

አስመጪዎችን የምለምነው ካርቶኑ ላይ ኮንቲኒየሱን በትልቁ ፒኩን በትንሹ እንዲጽፉ ነው፣ ተቆጣጣሪውም አካል ይሄን ግዴታ ቢያደርገው ምንም አይከብድም። እናንተ ጋዜጠኞች ደግሞ መርካቶ ወርዳችሁ ጥቂት ሱቅ ብትጠይቁልን፣ ኮንቲኒየሱን ከልቡ የሚያውቅ ሻጭ ስንት እንደሆነ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። እስከዚያው የምትገዙ ሰዎች፣ ደረሰኙ ላይ ኮንቲኒየስ ዋቱን፣ ፒኩን፣ ፒዩር ይሁን ሞዲፋይድ፣ ባዶውን ሲበራ ስንት ዋት እንደሚበላና ሞዴሉን በእጃቸው ጻፉልን በሏቸው፣ ዕቃው ሲከዳችሁ ይዛችሁ የምትመለሱት እሱን ነው፣ አልጽፍም ያለ ሻጭ ካለ ደግሞ የሚቀጥለው ሱቅ ሁለት በር አልፎ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን