ልጆቻችሁ ኮምፒውተር ከመንካታቸው በፊት ወረቀት የሚይዙት ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ቅዳሜ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንድ አባት በራችን ላይ ቆመው፣ «አኒሜሽን በኮምፒውተር ይማራል ብዬ ከፈልሁ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዞ የሚመጣው ግን የተቆራረጠ ወረቀት ነው» አሉን። ቅሬታው የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። በር ላይ በችኮላ ከምንመልስ ለሁላችሁም መጻፍ መረጥን።

በቅድሚያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዙር ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ያሉትን ልጆች በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር ፊት አስቀመጥናቸው። ፕሮግራሙ መነሻውንና መድረሻውን ሥዕል ከሰጡት መካከሉን ራሱ ይሞላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ኳስ ወረደች፣ ወፍ በረረች፤ ልጆቹም ተደሰቱ። ነገር ግን ሌላ ካልታዘዘ በቀር ፕሮግራሙ የሚሞላው በእኩል ርቀት ነው። ኳሷ የወደቀች ሳይሆን በገመድ ቀስ ተደርጋ የወረደች መሰለች። «ምን ጎደላት?» ስንል የመለሰ ልጅ አልነበረም። እንዴት ይመልሱ? ኳስ ስትወድቅ አስተውለው በእጃቸው ሥለው አያውቁም።

አሁን የምንጀምረው በካልሲ ኳስ ነው። ልጆቹ የካልሲ ኳስና የላስቲክ ኳስ ከጠረጴዛ ላይ እየጣሉ ያያሉ፤ ከዚያ አወዳደቋን ደረጃ በደረጃ፣ በየገጹ አንድ ሥዕል እያደረጉ፣ በጣት በሚገለበጥ ደብተር ላይ ይሥላሉ። የላስቲኳ ነጥራ ጫፍ ስትደርስ ዝግ ስለምትል እዚያ ላይ ሥዕሎቹ ይቀራረባሉ፤ ወደ መሬት ስትፈጥን ይራራቃሉ። መሬት ስትነካ ትጨፈለቃለች፤ ከቁመቷ የቀነሰውን ያህል ወደ ጎን ካልሰፋች ግን ትንሽ ሌላ ኳስ ትመስላለች። የካልሲዋ ዱብ ብላ ትቀራለች። ነገሩን ከባድ ወይም ቀላል የሚያደርገው የሥዕሉ ማማር ሳይሆን በሥዕሎቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከኮምቦልቻ የሚመላለስ አንድ ተማሪያችን በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ሠራ። መኪናዋ በሁለት ክብ ላይ የተቀመጠ ሳጥን ናት። ዳገቱ ላይ ግን ሥዕሎቹን አጠጋግቶ፣ ጫፉን ካለፈች በኋላ አራርቋቸዋል፤ ደብተሩ ሲገለበጥ የጭነቷ ክብደት ይታያል። ያንን አላስተማርነውም፤ በየሳምንቱ በመስኮት የሚያየው ነው።

ቤት የሚመጣው ክብ ካርቶንም መጫወቻ ብቻ አይደለም። በአንድ ፊቱ ወፍ፣ በሌላው ጎጆ አለ፤ በሁለቱ ጎን የታሰረው ክር ሲሾር ወፏ ጎጆዋ ውስጥ ትገባለች። በእንግሊዝ አገር ከ1820ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። ወፏ ከጀርባ ተገልብጣ መሣል እንዳለባት ልጆቹ ሁለት ሦስት ካርቶን አበላሽተው ራሳቸው ይደርሱበታል። በጣት የሚገለበጠው ደብተር ደግሞ እዚያው እንግሊዝ በ1868 የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል።

መብራት ስለሚጠፋ ወረቀት የመረጥን የመሰላችሁም አላችሁ። ምክንያቱ እርሱ አይደለም።

በአምስተኛው ሳምንት ስልክ እንይዛለን። ሽምብራ ጠረጴዛ ላይ በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀስን ፎቶ እናነሣለን። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ማሳየት የተለመደ ስለሆነ 12 ይበቃል። ለአምስት ሰከንድ ታሪክ 60 ፎቶ ማለት ነው፤ ማባዛቱን የሚሠሩት ልጆቹ ናቸው። ኮምፒውተሩ ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ ይከፈታል፤ ክፍያው ያው ነው፣ የኮምፒውተር ሰዓቱም ከነገርናችሁ አልቀነሰም።

ከእናንተ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። ቁርጥራጩን ወረቀት አትጣሉባቸው፤ ቅደም ተከተሉ ከጠፋ ሥራው ይጠፋል። ሥዕሉ ቢንጋደድም እጃችሁን አታስገቡ። የተንጋደደ ፈረስ በደንብ ሊጋልብ ይችላል፤ እናንተ ያሳመራችሁት ፈረስ ግን የልጁ አይደለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጡ ገና ያላለቀ አሮጌ ደብተር ካላችሁ ያዙልን። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከደረሳችሁ ልጆቹ ደብተራቸውን ራሳቸው እየገለበጡ ያሳዩአችኋል።

ከአክብሮት ጋር
የልጆች አኒሜሽን ሥልጠና ክፍል አስተማሪዎች
ደሴ