የጓሳን ቀይ ቀበሮ ለማትረፍ የመንደር ውሾቻችንን እንከትብ፦ የድጋፍ ጥሪ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንዝ ጓሳ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ ቀይ ቀበሮዋ ሣር የሚግጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎች መሐል ትታያለች። አትነካቸውም፤ እነሱም አይሸሿትም። ዓይኗ ሣሩ ውስጥ የሚሽሎከለከው አይጥ ላይ ነው። እዚያው ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ጭላዳዎች መሐል ሆና ካደረገችው የአደን ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካላት ብቻዋን ስትሆን የሚሳካላት 25 በመቶው ነው። እረኛ ተከትሎ የወጣ ውሻ ብቅ ሲል ግን ጭላዳው ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ እሷም ባዶ ሜዳ ላይ ትቀራለች።

ይህ ቀላሉ ጉዳት ነው። ከባዱ ውሻው በምራቁ ይዞት የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀይ ቀበሮ የምታድነው ብቻዋን ቢሆንም የምትኖረው ከቤተሰቧ ጋር ነው። ንጋት ላይና ሲመሽ ይገናኛሉ፤ አፍ ላፍ ገጥመው ይላላሳሉ፤ ትልልቆቹ የበሉትን ከሆዳቸው መልሰው ቡችሎቹን ያጎርሳሉ። አንዷ የሞተ በግ ላይ ከታመመ ውሻ ጋር ከተናከሰች ቤተሰቡ በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ባሌ ውስጥ ዌብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 የገባው ይኸው በሽታ ከሸለቆው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨርሷል። ይህች እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለችም፤ በሕይወት ያሉት አዋቂዎችም ከ500 አይበልጡም።

ስለዚህ በጓሳ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ያሉ ውሾችን በመጪው መስከረም ለእብድ ውሻ በሽታ ለመከተብ ድጋፋችሁን እንጠይቃለን። መስከረም የተመረጠው ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ስለሚከፈት ነው። ክትባቱ ሙሉ አቅም ለማግኘት ወር ገደማ ስለሚፈልግም ቡችሎቹ ከጉድጓድ ከመውጣታቸው በፊት ይደርሳል።

ለ100 ውሻ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ አሥር አሥር ውሻ የሚከትቡ 11 ብልቃጦች (አንዱ ለሚባክነው)፣ ለእያንዳንዱ ውሻ አዲስ መርፌ፣ ጓንት፣ 100 የክትባት ካርድ፣ የተከተበው ሁለተኛ እንዳይቆጠር ምልክት ማድረጊያ ቀለም፣ የአፍ መሸበቢያ ገመድ፣ መኪና ለማይገባበት መንደር የበቅሎ ኪራይ፣ ለሁለት ከታቢና ለአንድ መዝጋቢ የቀን አበል።

ብዙ ዘመቻ የሚበላሸው በማቀዝቀዣ አያያዝ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ በመንዝ ውርጭ ግን ብርዱም እኩል ያሰጋል። አንዴ በረዶ የሠራ ክትባት ቢቀልጥም አይሠራም፤ ከውጭ ሲታይ ግን ደህና ሊመስል ይችላል። በላስቲክ የታሸገውን በረዶ ከማቀዝቀዣ እንዳወጡት ብልቃጡ ላይ መጫን የተለመደው ስሕተት ነው። በረዶው ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ ውጭ ማቆየት፣ ከዚያም በብልቃጡና በበረዶው መሐል ካርቶን ማድረግ ይገባል። ሌሊት ክትባቱ ያለበት ማቀዝቀዣ ሣጥን ውጭ አያድርም። የተከፈተ ብልቃጥ ለማግስቱ አይቀመጥም። ሣጥንና ቴርሞሜትር ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ግባችን ከእያንዳንዱ መንደር ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ነው። እዚያ ላይ ሲደረስ ያበደ ውሻ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ሳያገኝ የመሞት ዕድሉ ከፍ ይላል። የመንደር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዛሬ ከተከተቡት ብዙዎቹ በዓመቱ አይኖሩም፣ በቦታቸው ቡችሎች ይተካሉ። ሥራው በየዓመቱ ካልተደገመ የአምናው ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። ውሾቹን መግደል ይቀላል የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል፤ እኛ አንቀበለውም። የተገደለው ቦታ ያልተከተበ ውሻ ይገባበታል፤ በዚያ ላይ ለቀጣዩ ክትባት ውሻውን ይዞ የሚመጣ ሰው አይገኝም።

ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ በሽታም ባሌ ላይ ቀበሮ ገድሏል። ክትባቱ በዋጋም በአያያዝም ስለሚከብድ ገንዘቡ ለሁለት እንዳይበተን በዚህ ዙር አላካተትነውም።

የገንዘብ አቅም የሌላችሁ ጉልበታችሁንና ጊዜያችሁን ስጡን። ክትባቱ የሚሰጠው ሰው ሞፈር በማይጨብጥበት በዓል ቀን ነው። ውሻውን ባለቤቱ ራሱ አሥሮ ያምጣ፤ ልጆችን አትላኩ። የሞተ ከብት ሜዳ ላይ አትጣሉ፣ ውሻ እንዳይቆፍረው አርቃችሁ ቅበሩ። በዘመቻው ቀን የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ውሾቹን የሚከትቡት ደግሞ አስቀድመው ራሳቸው የተከተቡ መሆን አለባቸው።

ውጭ አገር ያላችሁ የመንዝ ልጆች፣ ቴርሞሜትርና የማቀዝቀዣ ሣጥን በሚመጣ ሰው ብትልኩልን ትልቅ እርዳታ ነው። ክትባቱን ራሱን ግን አትላኩ፤ መንገድ ላይ ይበላሻል። ገንዘብ የምትሰጡ በየቀበሌው ለተመረጠው ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ሒሳቡ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፣ ስንት ብልቃጥ እንደተገዛና ስንት ውሻ እንደተከተበም በየቀበሌው ይለጠፋል።

ክትባቱን የምናዘው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ስንት ብልቃጥ እንደምናዝ የሚወስነው እስከ ሐምሌ 30 የገባው ገንዘብ ነው።