ሳተርን 5 በኮምቦልቻ ሜዳ፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ደሴ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ስለ ክበባችን ብዙ ተወርቷል። «ልጆቹ በአሻንጉሊት ጊዜያቸውን ያጠፋሉ» የሚለውን በመምህራን ማረፊያም ሰምቼዋለሁ፣ ከወላጆችም ደርሶኛል። ስለዚህ የሠራነውን በዝርዝር ልጻፍ።

አሻንጉሊት የተባለው በውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ያበረከተልን የሳተርን 5 ሮኬት የፕላስቲክ ሞዴል ነው። አፖሎ 11ን በ1969 እ.ኤ.አ. ወደ ጨረቃ ያስወነጨፈው እውነተኛው ሳተርን 5 ቁመቱ ከ110 ሜትር በላይ ነበር፤ የእኛው 144 ጊዜ አንሶ 77 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ተገጣጥሞና ቀለም ተቀብቶ መደርደሪያ ላይ እንዲቆም የተሠራ ዕቃ ነው። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መስታወት ውስጥ ይቀመጥ ያሉም ነበሩ። ተማሪዎቹ ግን ሳጥኑ እንደተከፈተ «ይበርራል ወይ?» ብለው ጠየቁ። የዓመቱ ሥራችን የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

በሌላ አገር እንዲህ ያለ ሞዴል የሚያበርሩ ሰዎች ባሩድ የታጨቀበት ትንሽ ሞተር ገዝተው ይገጥሙለታል። ሞተሮቹ በፊደል ይለያሉ፤ «ኤ» እስከ 2.5 ኒውተን ሰከንድ (የግፊቱ ኃይል በቆየበት ጊዜ ተባዝቶ)፣ «ቢ» እስከ 5፣ «ሲ» እስከ 10 እያለ ጉልበታቸው በእጥፍ ያድጋል። እዚህ ሞተሩን ከየት እናመጣለን? ቢገኝስ እኔ ባሩድ በተማሪ እጅ አላስይዝም። ውሃና የታመቀ አየር መረጥን፤ አየሩ ውሃውን በኃይል ወደ ታች ሲያስወጣው ሮኬቱ ወደ ላይ ይወነጨፋል። የሞዴሉ ታችኛ ክፍል ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ የግማሽ ሊትር የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ልክክ ብሎ ገባለት። የተራ ውሃ ሃይላንድ ስስ ነው፤ የለስላሳው ግን የጋዝ ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። አባቱ ጎሚስታ የሆነ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የጎማ ቫልቭ አምጥቶ በቡሽ ውስጥ ሰካው፤ ማስወንጨፊያችን እሱ ነው።

የረቡዕ ስብሰባዎች፣ የአባላት ምዝገባና የግድግዳ መጽሔቱ በዕቅዱ መሠረት ሄደዋል።

ያስቸገረን ሚዛን ነው። እውነተኛው ሳተርን 5 ከአምስቱ ግዙፍ ሞተሮቹ አራቱን እያዘነበለ አቅጣጫውን ያስተካክል ስለነበር የጭራ ክንፎቹ ትንንሽ ቢሆኑም አይቸገርም። የእኛው መሪ የለውም። ቀጥ ብሎ እንዲወጣ የክብደቱ ማዕከል ነፋስ ከሚገፋበት ማዕከል ቀድሞ፣ ቢያንስ በራሱ ወርድ ያህል ወደ አፍንጫው መጠጋት አለበት። ለጌጥ የተሠራ ሞዴል ደግሞ ይህ አልታሰበለትም። የማይታዩ የውስጥ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አውጥተን አቀለልነው።

ደሴ ውስጥ ለማስወንጨፊያ የሚሆን ሜዳ እንደሌለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ምን አለን? የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ርቀን፣ ኮምቦልቻ በሚገኝ ትምህርት ቤት የኳስ ሜዳ ላይ ቆምን። የመኪና ኪራዩን ተማሪዎቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ከፈሉ። ይህን ማንበብ የሚገባው ሰው እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልቀናም። ሮኬቱ ጥቂት ከፍ እንዳለ ጎኑን ሰጥቶ ተገለበጠና በአፍንጫው ሣሩ ላይ ተተከለ፤ አንድ ክንፉም ተሰበረ። ገሚሶቹ ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ላይ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ሞዴሉን አነሣች። ውሃውን አፍስሳ፣ ሲባጎ ወገቡ ላይ አስራ፣ በጣቷ ሚዛኑን ከፈለገች በኋላ ከራሷ በላይ ታሽከረክረው ጀመር። ጭራው ቀደመ፤ ሚዛኑ አልተስተካከለም ማለት ነው። «ዳዶ አምጡልኝ» አለች። ከመሣሪያ ሳጥናችን የወጡትን ዳዶዎች አፍንጫው ውስጥ በማስቲሽ አጣበቀች፤ ከደብተሯ የፕላስቲክ ሽፋን ሰፋ ያሉ ብርሃን አስተላላፊ ክንፎች ቆርጣ ከትንንሾቹ ጎን አቆመች። ከሩቅ አይታዩም፤ የሞዴሉም መልክ አልተበላሸም። እንደገና ስታሽከረክረው አፍንጫው ቀደመ።

ከዚያ በኋላ ሳተርን 5 ቀጥ ብሎ ወጣ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጣሪያ ብዙም አልበለጠም፤ ግን ቀጥ ብሎ ወጣ! ከፌስታል የተሠራው ጃንጥላ በግማሽ ብቻ ቢከፈትም ሞዴሉ ሳይሰበር አረፈ። ልጆቹ ሲጨፍሩ እሷ ደብተሯን ይዛ ወደ እኔ መጣች። «መምህር፣ ይኸው፣ ስሌቱ ያለው እዚህ ጋ ነው» አለችኝ። ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን የሞመንት ስሌት በሞዴሉ ላይ ሠርታው ኖሯል፤ የእያንዳንዱ ክፍል ክብደት ከአፍንጫው ካለው ርቀት ጋር ተባዝቶ በሠንጠረዥ ሰፍሯል። ያን ገጽ ሳይ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ በቴሌቪዥን ያዩ ሕፃናት ዛሬ ክፍላችን ውስጥ ተቀምጠዋል። ቤተ ሙከራችን ግን በ2014ቱ ጦርነት የተዘረፈበትን ገና አልተካም። የግፊት መለኪያ ስለሌለን አየሩን የምንለካው ፓምፑን የመታንበትን ብዛት በመቁጠር ነው። የስፖርት ክበቡ ማልያ ሲገዛለት ደስ ብሎናል፤ የእኛ ክበብ ግን በትምህርት ቤቱ በጀት ውስጥ ስሙ እንኳ የለም።

ለ2018 ወላጅ መምህር ኅብረቱ የጉዞ ወጪያችንን እንዲሸፍንልን በጽሑፍ ጠይቀናል፤ መልሱን እንጠብቃለን። መለኪያ ያለው የጎማ ፓምፕ ሊያውሰን የሚችል ወላጅ ቢኖር ረቡዕ ከሰዓት በፊዚክስ ክፍል ያገኘናል።